ድጡና ያዳለጠው ሰው



በባንክ፣ በቀበሌ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ በር ይዘጋሉ። ማን አቋረጠው? ለምን ተቋረጠ? መቼ ይመለሳል? አንዱንም አይመልሱም። ባለጉዳዩ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ይወጣል፣ የመስኮቷ ሠራተኛም ሻይዋን ትቀጥላለች፤ ማንም ማንንም አልበደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ለዚህ የሚሆን አንድ አጭር ቃል አላቸው፤ «ግሊች» ይሉታል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ቃል ነው፤ ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነበር፣ አሁንስ ምን ሥራ እየሠራ ነው?

መዝገበ ቃላት ከፍተን ብናይ ግሊች ማለት ትንሽ፣ ድንገተኛና ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚያልፍ እክል ነው ይለናል። ስልካችሁ አንድ ጊዜ ፈዝዞ ሲመለስ፣ የቴሌቪዥን ምስል ተንቀጥቅጦ ሲስተካከል፣ በአውሮፕላን ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ያለ ሰዓት ለአፍታ ሲሳሳት፣ ግሊች ነው። ትንሽ ነው፤ ድንገተኛ ነው። ሦስተኛውን ጠባይ መዝገበ ቃላቱ አይጽፈውም፣ አጠቃቀሙን ግን ያየ ሰው አያጣውም። ግሊች ባለቤት የለውም። ይደርሳል እንጂ ማንም አያደርሰውም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ሦስተኛው ጠባይ ከቃሉ ጋር አብሮ እንዳልተወለደ ነው። ኋላ የመጣ ነው። ቃሉ ሲወለድ ባለቤት ነበረው፤ እንዲያውም ባለቤቱ በቅጽ ላይ ይመዘገብ ነበር።

ከአመጣጡ እንጀምር። አብዛኞቹ መዝገበ ቃላት ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከዪዲሽ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዪዲሽ የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ቋንቋ ነው። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ አጥንቱ ግን ጀርመንኛ ነው። ዛሬ በቴል አቪቭ ወይም በነታንያ መንገድ ላይ ከሚሰማው ዕብራይስጥ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ፊደል ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው። በዪዲሽ «ግሊትሽ» የሚያዳልጥ ቦታ ነው፤ ግሡ «ግሊትሽን» ደግሞ መንሸራተት ነው። ጀርመንኛውም በዚሁ ድምፅ ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ (የምጠቅሳቸው የውጭ ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ብዙዎቹ በኒው ዮርክ ሰፈሩ። ልጆቻቸው በቲያትሩ፣ በሙዚቃው፣ በሬዲዮው ዓለም በብዛት ስለተሰማሩ፣ የእናቶቻቸውም ቃላት አብረዋቸው ስቱዲዮ ገቡ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ማስረዳት አይከብድም። ግሊትሽ የእኛው «ድጥ» ነው። በነሐሴ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ የተጓዘ ሰው ድጥ ምን እንደሆነ ጉልበቱ ያውቀዋል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለውም ድጡ ቢያንስ የሚያስወጣ፣ ማጡ ግን የሚያስቀር ስለሆነ ነው። ነገር ግን የቋንቋችን አንድ ጠባይ ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው ሲወድቅ «አዳለጥኩ» አይልም፤ «አዳለጠኝ» ይላል። አድራጊው መሬቱ ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። ለጭቃ ይህ ፍትሐዊ ሰዋስው ነው። ጭቃውን ማንም ሆን ብሎ አላቦካውም። ቧንቧው ፈንድቶ ደጁን ያጨቀየ ጎረቤት ካለ ግን «አዳለጠኝ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቧንቧውን ላልጠገነው ሰው መወገን ይሆናል።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንግባ፤ ቃሉ በጽሑፍ መታየት የጀመረው እዚያ ነውና። በግንቦት 1940 ካትሪን ብረሽ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በምትጽፈው አምድ ላይ የሬዲዮ ሰዎችን የሙያ ቋንቋ ለአንባቢዎቿ አካፈለች። እንደ እሷ አጻጻፍ፣ አስተዋዋቂው ሲናገር ትንሽ ከተደናቀፈ ስሙ «ፍላፍ» ነው፤ ከባድ ስህተት ከሠራ ደግሞ «ግሊች» ነው። ፍላፉ የእኛ የአፍ ወለምታ መሆኑ ነው። ግሊች ከዚያ የሚብሰው ነበር። ዛሬ የትንሹ እክል ስም የሆነው ቃል፣ በወረቀት ላይ በታየበት በዚያ ዘመን ከሁለቱ ስህተቶች የትልቁ ስም ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ቃላት እንደ ሰው ሹመትና ሽረት አላቸው።

ሁለተኛው ምስክር ተዋናዩ ቶኒ ራንዳል ናቸው። ወጣት ሳሉ በ1941 በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ ደብልዩ ቲ ኤ ጂ በሚባል የሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥረው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያስታውሱ፣ ቃሉን የተማሩት ከነባሮቹ አስተዋዋቂዎች እንደሆነ፣ ለነባሮቹም አዲስ እንዳልነበረ ተናግረዋል። የተሳሳተ ሸክላ ካጫወትክ ግሊች ነው። ያልታዘዘ ማስታወቂያ ካነበብክ ግሊች ነው። ይህም በስቴንስል በተባዛ ቅጽ ላይ ይሞላል። የቅጹም ስም «የግሊች ወረቀት» ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ይህን ቅጽ ለምን አዘጋጀ? ለሥነ ምግባር ሲል አይመስለኝም። ለገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሬዲዮ የሚኖረው በማስታወቂያ ነበር። የሳሙና ኩባንያው ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከፍሎ የሲጋራው ማስታወቂያ ከተነበበ፣ ጣቢያው የሳሙናውን ማስታወቂያ በሌላ ሰዓት ያለ ክፍያ ማስተላለፍ ወይም ገንዘቡን መመለስ ነበረበት። ስለዚህ የሽያጭ ክፍሉ ምን እንደተሳሳተ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና በማን ተራ ላይ እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልገዋል። ግሊች የሂሳብ መዝገብ ቃል ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከጎኑ ሰዓት አለ፣ ከጎኑ ስም አለ፣ ከጎኑ የሚካስ ደንበኛ አለ። የዛሬው «ሲስተም የለም» ከነዚህ ከሦስቱ የቱን ይዟል?

ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው በሰዎቹ እግር ነው፤ ያው ቴክኒሻኖች ናቸው ሥራ የቀየሩት። በ1956 አምፔክስ የተባለው ኩባንያ የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ ለጣቢያዎች ሲያቀርብ፣ ቴፑን የሚያርሙት በስለት ቆርጠው በማጣበቅ ነበር። ሁለቱ ቁራጮች በትክክል ካልገጠሙ ምስሉ በመገናኛው ላይ ይዘላል። ያ ዝላይ ግሊች ተባለ። ልብ በሉ፤ ቃሉ ከሰው አፍና እጅ ወጥቶ ወደ ማሽኑ መግባት የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ሬዲዮ ላይ የተሳሳተው አስተዋዋቂው ነበር። እዚህ የዘለለው ምስሉ ነው።

ለዓለም ያስተዋወቁት ግን ጠፈርተኞች ናቸው። ሰባቱ የአሜሪካ የመርኩሪ ፕሮግራም ጠፈርተኞች በ1962 በጋራ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከመካከላቸው አንዱ የሆኑት ጆን ግሌን ግሊች የሚለውን ቃል ለአንባቢ አስረድተዋል። በቀጥታ ትርጉሙ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር በድንገት አዲስ ጭነት ሲጨመርበት በቮልቴጁ ላይ የሚታየው ቅጽበታዊ ለውጥ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ሲመለስ አይታችኋል፤ ግሌን የሚሉት በመሠረቱ እሱን ነው። መሐንዲሶቹ ግን ቃሉን ለማንኛውም ዓይነት እንግዳ ችግር ይጠቀሙበት እንደነበር አልሸሸጉም።

ግሌን ራሳቸው ያን ዓመት ከአንድ ግሊች ጋር ተፋጠዋል። የካቲት 20 ቀን 1962 ፍሬንድሺፕ 7 በተባለችው መንኩራኩር ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ጠቅላላ ጉዞው ከአምስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ያነሰ ነበር። በመካከሉ ምድር ላይ ላሉት ተቆጣጣሪዎች አንድ ምልክት ደረሳቸው፤ «ሴግመንት 51» የሚሉት። ምልክቱ እውነት ከሆነ መንኩራኩሯን ከከባቢ አየር እሳት የሚከላከለው ጋሻ ከቦታው ላልቷል፤ ግሌንም ሲመለሱ ይቃጠላሉ። ምልክቱ ሐሰት ከሆነ ምንም የለም። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ከጋሻው በላይ በማሰሪያ የተያዘው የፍሬን ሮኬቶች ጥቅል እንዳይጣል አዘዙ፤ ምናልባት ማሰሪያው ጋሻውን ደግፎ ይይዘው ይሆናል ብለው። ግሌን እየነደደ የሚወድቀውን ቁራጭ በመስኮት እያዩ ወረዱ። ከባሕር ከወጡ በኋላ መንኩራኩሯ ስትመረመር ጋሻው አንድም ነገር አልሆነም፤ የተበላሸው ማመልከቻው ማብሪያ ነበር።

ይህ ንጹሕ ግሊች ነው፤ ሐሰተኛ ምልክት። ነገር ግን ናሳ «ግሊች ነበር» ብሎ አልተወውም። ማብሪያው ተፈታ፣ ተመረመረ፣ የትኛው ክፍሉ እንደጠመመ ታወቀ። ግሌንም ሥጋቱ በወቅቱ ስላልተነገራቸው ተቆጥተው፣ አብራሪው ስለራሱ መንኩራኩር የሚታወቀውን ሁሉ ማወቅ አለበት ብለው ተከራከሩ። ቃሉ ትንሽ ነበረ፤ ምርመራውም ክርክሩም ግን የሙሉ ሰው ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ቃል ሰማይ ላይም ቀርቷል። በ1969 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ቬላ የምትባል ፑልሳር፣ ማለትም በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል የምትሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት፣ በድንገት ፍጥነቷን ጨምራ አገኟት። እንዲህ ያሉ ኮከቦች ቀስ በቀስ መዘግየት እንጂ መፍጠን አይጠበቅባቸውም። ክስተቱ ግሊች ተባለ። ዛሬ በዘርፉ መደበኛ ቃል ነው፤ ስለ ኮከቡ ሆድ የሚታወቀው ብዙ ነገር የተገኘውም ግሊቾቹን በማጥናት ነው። ሳይንቲስቶቹ «ግሊች ነው» ሲሉ ጥያቄው ተጀመረ ማለታቸው ነው፤ መሥሪያ ቤቶች «ግሊች ነው» ሲሉ ጥያቄው አለቀ ማለታቸው ነው።

ግሊች አንድ ታላቅ ወንድም አለው፤ «በግ»። ጨርሼ ዝም እንዳልለው ይፈቀድልኝ። በእንግሊዝኛ ተባይ ማለት ነው፤ የኛን በግ አያውቀውም። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፉት ደብዳቤ ላይ በፈጠራ ሥራቸው ላይ ለሚገጥሙ ስውር ጉድለቶች ይህን ስም ተጠቅመዋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን በመስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒዩተር ውስጥ ስለተገኘችው የእሳት ራት ነው። ቴክኒሻኖቹ በመዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈው፣ እውነተኛ ተባይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው የሚል ቀልድ ጻፉባት። ቀልዱ ቀልድ የሚሆነው ቃሉ ከዚያ በፊት ካለ ብቻ ስለሆነ፣ የቃሉ አመጣጥ ከእሳት ራቷ ነው የሚሉት ሰዎች ቀልዱ አልገባቸውም። በሙያው ቋንቋ በሁለቱ ቃላት መካከል ጠቃሚ ልዩነት አለ። በግ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ሰው የጻፈው ስህተት ነው። ግሊች ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው። ይህ ልዩነት ሲጠፋ ማን እንደሚጠቀም አሁን እንይ።

ነሐሴ 1 ቀን 2012 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ናይት ካፒታል የተባለ ትልቅ የግብይት ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ይዞ ጠዋት ሥራ ጀመረ። ፕሮግራሙ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ ሠራተኛው በሰባቱ ላይ ጫነው። በስምንተኛው ላይ ከ2003 ጀምሮ የተተወ አሮጌ ፕሮግራም ነበር፤ አዲሱ ትእዛዝ ሲመጣ ያ አሮጌው ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ አራት ሚሊዮን ግብይት ፈጸመ። ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ ራሱን ችሎ መቆምም አልቻለም። ጋዜጦቹ ግሊች አሉት። ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በኋላ ሲያጣራ ግን ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ የራሱ ሲስተም 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ፣ ስህተቱን በስሙ ጠርቶ እንደነበር አገኘ። ማንም አልተመለከታቸውም። የጫነውን ሥራ ሌላ ሰው የሚፈትሽበት ደንብም አልነበረም። ታዲያ ያዳለጠው መሬት ነው?

የኛን አገር ጉዳይ ታውቁታላችሁ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማዛወር እንደሚችሉ ደረሱበት። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሄደ፤ በግቢ ውስጥ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሲስተሙ ላይ ይደረግ ከነበረ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ አስታወቀ፤ ያለአግባብ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ገለጸ። ቢቢሲን ጨምሮ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ዜናውን በዚሁ ቃል፣ በግሊች፣ አወጡት። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ለጠፈ።

የማይገባውን ገንዘብ የወሰደ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የሚያስገርመኝ የዓረፍተ ነገሮቹ አሠራር ነው። ስለ ሲስተሙ ሲነገር «ችግር ተፈጠረ» ነበር፤ ግሡ ራሱን በራሱ ፈጸመ። ስለ ተማሪዎቹ ሲነገር «ወሰዱ»፣ «አዛወሩ»፣ «አልመለሱም» ነበር፤ እያንዳንዱ ግሥ አድራጊ አለው፣ አንዳንዱም ፎቶግራፍ አለው። አማርኛ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ቋንቋ ነው። አንዲት «ተ» ከፊት ስትቀመጥ ባለቤቱ ይሰወራል።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ እስር ቤት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ያየነው ግን በብሪታንያ ነው። ከ1999 ጀምሮ የብሪታንያ ፖስታ ቤት «ሆራይዘን» የተባለ፣ ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ የሚያስተዳድረው የኮምፒዩተር ሒሳብ በየቅርንጫፉ አስገባ። ቅርንጫፎቹን የሚመሩት በውል የሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከፖስታው ጎን ሱቅ አላቸው፣ ለጡረተኛው አበል ይከፍላሉ፣ ሁሉም በስማቸው ያውቃቸዋል። ፖስታ ቤቱም ውላቸውን ጠቅሶ ከሒሳቡ የሚጎድል ነገር ካለ ከኪሳቸው እንዲተኩ ያስገድድ ነበር። ሆራይዘን በገባ ጊዜ በብዙ ቦታ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ጎደለ። ወደ መርጃ ስልኩ ሲደውሉ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ከእርስዎ ሌላ ማንም የለም ተባሉ። ቁጠባቸውን አወጡ፣ ከዘመድ ተበደሩ፣ ቤታቸውን አስያዙ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች ሴት አለች። በ2025 የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ 13 ሰዎች ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ገልጿል።

አማርኛ ተናጋሪ ገንዘብ ያዦች ይህን በአንዲት ፊደል ይረዱታል። «ገንዘቡ ጎደለ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ገንዘቡን አጎደለ» ማለት ሌላ ነው። በፊተኛው ምርመራ ይጀመራል፣ በኋለኛው ፍርድ ተሰጥቷል። ፖስታ ቤቱ ለብዙ ዓመታት ያደረገው ከሆራይዘን የመጣለትን «ጎደለ» ተቀብሎ፣ ፍርድ ቤት እስኪደርስ «አጎደለ» ማድረግ ነበር።

እንዴት ሆነለት? አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በ1984 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በአንቀጽ 69፣ የኮምፒዩተር ማስረጃ የሚያቀርብ ከሳሽ ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር እንዲያሳይ ያዝ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ይህ ለከሳሾች አላስፈላጊ ሸክም ነው ብለው አንቀጹን በ1999 ሻሩት። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ኮምፒዩተሩ በትክክል ሠርቷል ብሎ ይገምታል፤ አልሠራም የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። ሆራይዘን በየቅርንጫፉ በተዘረጋባቸው ወራት መሆኑን አስቡት። በአንድ የገጠር መንደር ፖስታ የሚያድል ሰው በፉጂትሱ ሰርቨር ውስጥ ያለን ስህተት በምን አቅሙ ያስረዳል?

ስህተቶቹ ደግሞ ነበሩ፤ የየራሳቸው ስምም ነበራቸው። አንዱ በስኮትላንድ ባለች ከተማ ስም «ዳልሜሊንግተን በግ» ይባላል። በ2015 አንዲት የፖስታ ሠራተኛ 8,000 ፓውንድ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ማዛወሯን መዝግባ «ኢንተር» የሚለውን ተጫነች። ገጹ አልተቀየረም። እኔና እናንተ እንደምናደርገው ደጋግማ ተጫነች። ሆራይዘን በዝምታ አራት ጊዜ መዘገበው፤ 32,000 ፓውንድ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሄደ 24,000 ፓውንድ «ጎደለ»። ፉጂትሱ ሲያጣራ ይኸው ዓይነት ነገር ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከ100 ጊዜ በላይ ደርሶ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ወደ ብርሃን ያወጡት ራሳቸው የተጎዱት ናቸው። በዌልስ ላንዲድኖ አጠገብ ቅርንጫፍ የነበራቸው አለን ቤትስ በ2003 ውላቸው ከተቋረጠ ጀምሮ መሰሎቻቸውን ሲያፈላልጉ ኖሩ፤ በመጨረሻ 555 ሆነው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2019 ዳኛ ፍሬዘር ለእነሱ ፈረዱ፤ ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን እንከን የለውም ብሎ መሟገቱን በዘመናችን ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመከራከር ጋር አመሳሰሉት። በሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። በጥር 2024 ጉዳዩ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲታይ አገሩ ተነሣ፤ በግንቦት ወር ፓርላማው የቀሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርዶች በአንድ ሕግ ሰረዘ። በአንድ ሕግ ይህን ያህል ፍርድ መሻር ለዚያ አገር እንግዳ ነገር ነበር፤ የአንቀጽ 69 መሻር ያመጣውን የሕግ ግምት ጉዳይም መንግሥት በ2025 መጀመሪያ ለሕዝብ አስተያየት አቀረበው።

ስለ ቃሉ ጀምሬ ስለ ፍርድ ቤት መጨረሴ እንግዳ ከሆነባችሁ፣ አንድ የቀረኝ ሰነድ አለ፤ እሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በ2013 ሆራይዘንን የመረመረ የውጭ ድርጅት ሪፖርት ሊወጣ ሲል፣ የፖስታ ቤቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፖላ ቬኔልስ በቃላቱ ተጨነቁ። «በግ» ከበዳቸው። ግሊችም እንኳ፣ ያ ከትልቅ ስህተትነት ወርዶ ወርዶ ምንም ያህል የማይመዝነው ቃል፣ ከበዳቸው። በኮምፒዩተር ለሚደርስ በግ፣ ግሊችና ጉድለት ስሜት የማይነካ ምን ቃል አለ ብለው ኮምፒዩተር የሚያውቁትን ባለቤታቸውን ጠየቁ። ባለቤታቸውም «ልዩ ሁኔታ» ወይም «ያልተለመደ ክስተት» ማለት እንደሚቻል መለሱላቸው። ኢሜይሉ ከ11 ዓመት በኋላ በአጣሪ ኮሚሽኑ ፊት፣ እሳቸው በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ተነበበ። ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሲያስተላልፉት «ልዩ ሁኔታ» የሚለውን በጣም እንደወደዱት ጽፈውበት ነበር።